ግርማን የሚገልጸው «ኦገስት»፦ ትርጉሙና ምንጩ

በእንግሊዝኛ «ኦገስት» ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 25 የሚዘልቀው የፈረንጆቹ ወር ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ፊደል የሚጻፍ፣ ክብርንና ግርማን የሚገልጽ ቅጽልም አለ። የወሩ ስም በመጀመሪያው ቀለም ላይ ጠንከር ተደርጎ ሲነበብ፣ ቅጽሉ ግን የሚጠነክረው በመጨረሻው ቀለም ላይ ነው።

የሁለቱም ምንጭ «አውጉስቱስ» የሚለው የላቲን ቃል ነው። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ስዌቶኒየስ እንደሚነግረን፣ ይህ ቃል ቀድሞ የተቀደሱና በወፎች በረራ ፈቃደ አማልክትን በሚመረምሩ ካህናት ሥርዓት የተባረኩ ቦታዎች ይጠሩበት ነበር። ሥሩ «ማሳደግ፣ መጨመር» የሚል ትርጉም ካለው «አውጌሬ» ከተባለው ግሥ ጋር ይያያዛል፤ ዋጋ እየጨመረ የሚሄድበትን ጨረታ የሚያመለክተው የእንግሊዝኛው «ኦክሽን» ከዚሁ ግሥ የተገኘ ነው።

ቃሉ ከቦታ ወደ ሰው የተሻገረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27 ዓመት ነው። የሮማ መማክርት ሮማን ይገዛ ለነበረው ለኦክታቪያን አዲስ የክብር ስም ለመስጠት ሲመክሩ፣ አንዳንዶቹ የከተማይቱ ሁለተኛ መሥራች ነው በማለት «ሮሙሉስ» እንዲባል ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ የመጀመሪያው መሥራች ሮሙሉስ ግን ንጉሥ ነበር፣ ሮማውያንም የንጉሥን ስም አጥብቀው ይጠሉ ስለነበር፣ ከመማክርቱ አንዱ በሆነው በሙናቲየስ ፕላንኩስ አቅራቢነት «አውጉስቱስ» ተመረጠ። ምርጫው እጅግ የታሰበበት ይመስለኛል፤ ቃሉ የዘውድ ሽታ ሳይኖረው የቅድስና ግርማን ያላብሳልና። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 «አውግስጦስ ቄሣር» ብለን የምናነበው ይኸው ሰው ነው። ግሪኮች ማዕረጉን «ሴባስቶስ»፣ ማለትም አክብሮትና ስግደት የሚገባው፣ ብለው ተረጎሙት፤ «ሴክስቲሊስ» ይባል የነበረው ወርም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8 ዓመት በስሙ ተሰየመ።

እንግሊዝኛው ዛሬም ያንን የቀደመ መንፈስ አልጣለም። ቅጽሉ የሚነገረው በዕድሜ፣ በማዕረግ ወይም በታሪክ የተነሣ አክብሮትን ለሚያሳድር ሰው፣ ጉባኤ ወይም ተቋም ነው፤ ስፋቱና ቁመቱ ብቻ ለሚያስደንቅ ሕንፃ ወይም ለአንድ ግዙፍ ስታዲየም ቢነገር ለጆሮ ይጎረብጣል። ስለዚህ አንዳንድ ተርጓሚዎች «ታላቅ» ወይም «ግዙፍ» ብለው ማለፋቸው አያረካኝም። ስለ ሰው ሲነገር «ግርማ ሞገስ ያለው»፣ ስለ ሸንጎ ወይም ስለ ምክር ቤት ሲነገር ደግሞ «የተከበረው» ወይም «ክቡር» ቢባል ይሻላል። ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የምመርጠው «ግርማ ሞገስ»ን ነው፤ ምክንያቱም «ግርማ» መፈራትን፣ «ሞገስ» ደግሞ መወደድን ስለሚያመለክት፣ ሁለቱ ሲጣመሩ የላቲኑ ቃል የሚያሳድረውን አክብሮት ይሸከማሉ።