«የኔ ቢጤ» የማን ቢጤ ነው?

ከሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክረምት ላይ ልጄን ይዤ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የተወለደው እዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እናቴ ዝርዝር ብር ሰጠችውና «ሂድ፣ ለየኔ ቢጤዎች ስጥ» አለችው። ልጁ ቆም ብሎ «እማዬ፣ የማን ቢጤ ናቸው? የአያቴ?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። እየሰማሁት ያደግሁት ቃል ነው፤ ግን አስቤበት አላውቅም። እስቲ እርዱኝ።

ከአዲስ አበባ፦
ልጅሽ ይባረክ። በትክክል ነው የጠየቀው። «ቢጤ» መሰል፣ እኩያ፣ አቻ ማለት ነው። «ቢጤህን ፈልግ» እንላለን። «ሽማግሌ ቢጤ ሰው መጥቶ ነበር» ስንልም ሽማግሌ የሚመስል ማለታችን ነው። ስለዚህ «የኔ ቢጤ» እንደኔው ያለ ሰው ነው። «ለማኝ» ሰውየውን በሚሠራው ሥራ ይጠራዋል። በቤተ ክርስቲያን «ነዳያን» ይባላሉ፤ ግእዝ ነው፣ ድኾች ማለት ነው፤ ስላጡት ነገር ይናገራል። «የኔ ቢጤ» ግን ስለ ተናጋሪዋም ይናገራል። ብሩን የያዘችው እናትሽ ራሷንም እዚያ በር ላይ አስቀምጣለች። አዎ፣ የአያቱ ቢጤ ናቸው።

ከሐዋሳ፦
ጨዋነት ነው ብለን ብቻ ባናልፈው ደስ ይለኛል። ወዲያኛውንም ወገን እዩት። ሀብታሙን ምን ብለን ነው የምንጠራው? «ሀብት» ከግእዙ «ወሀበ» የወጣ ነው፤ ወሀበ ማለት ሰጠ ነው። ሀብት እንግዲህ ስጦታ ነው። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ሥላሴ የሚሉትን ስሞች አስቡ፤ የማርያም ስጦታ፣ የሥላሴ ስጦታ ማለት ናቸው። «ባለጸጋ»ም ያው ነው፤ ጸጋ በነፃ የተሰጠ ነገር ነው። ሀብታም በቃሉ ሥር ብዙ የተሰጠው ሰው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ያልተቀበላችሁት ምን አላችሁ ብሎ የጠየቀው፣ በእኛ ቋንቋ እዚያው ቃሉ ውስጥ ተቀምጧል።

«ገንዘብ» ግን ሌላ መንገድ ይሄዳል። «ትሕትናን ገንዘብ አደረገ» ሲባል የራሱ አደረጋት ማለት ነው። ያንኑ አንድ ብር «ሀብቴ» ስለው የተሰጠኝ፣ «ገንዘቤ» ስለው የራሴ ያደረግሁት ይሆናል። ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል፣ እውነቴን ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ ይህን ኖሮበታል። የተወለደው ከባለጸጋ ቤት ነው። በ360ዎቹ መጨረሻ አገሩ ቀጰዶቅያ፣ በዛሬዋ ቱርክ ያለችው፣ ስትራብ ንብረቱን ሸጠ። ጎተራቸውን የዘጉትን ሀብታሞች በስብከቱ አስከፈታቸው። ራሱ ወገቡን ታጥቆ ለተራቡት ሾርባ አቀረበ። የያዝከው እንጀራ የተራበው ሰው ድርሻ ነው፣ ሣጥንህ ውስጥ ያለው ልብስ የታረዘው ሰው ድርሻ ነው ብሎ አስተምሯል። በኋላ ጳጳስ ሲሆን ከቂሣርያ ከተማ ወጣ ብሎ ለበሽተኞች፣ ለመንገደኞችና ለለምጻሞች ማረፊያ ሠራ። ደግሞ የሰጠው ብር ብቻ አይደለም። አቴንስ የተማረ፣ ሹማምንት የሚያውቁት ሰው ስለነበር ለሌሎች ግብር እንዲቀልላቸው ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። መታወቅም ሀብት ነው፤ ብዙዎቻችን ግን አንቆጥረውም።

ከአዲስ አበባ፦
አንድ ልጨምር። «ለጽድቅ ነው» ብለን እንሰጣለን አይደል? የዕብራይስጡ «ጸደቃ»ና ሙስሊም ወንድሞቻችን የሚሉት «ሰደቃ» ከጽድቅ ጋር የአንድ ሥር ቃላት ናቸው።

ከባሕር ዳር፦
እኔ «የኔ ቢጤ»ን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደጅ ነው የማውቀው። ጎጃም ውስጥ ስድስት ዓመት የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ደበሎ ለብሰን፣ የለመንነውን የምንከትበትን አኩፋዳ ይዘን፣ ውሻ የምናባርርበት ዱላ ጨብጠን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን እንዞር ነበር። «ስለ ማርያም ስሟ» ማለት ነው። ቄሱም፣ መሪጌታውም፣ ጳጳሱም በዚህ መንገድ ያለፉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ያገሬው ሰው የሚለምነውን ልጅ ሲያይ ነገ የሚያናዝዘኝ ሰው ሊሆን ይችላል ብሎ ያያል። ቃሉ ከዚህ ጋር ሳይገናኝ አይቀርም ብዬ አምናለሁ።

የተሻለ ኑሮ ያለው አንድ ቤት ነበር። ቁራሹን በአጥር ላይ ይወረውሩልናል። እናነሳለን፣ እንበላለን፣ ምን እናደርጋለን። ከዚያ በታች አንዲት ባሏ የሞተባቸው እናት ነበሩ። ውሻቸውን ራሳቸው ይይዙና «ግባ ልጄ፣ እሳት ሙቅ» ይሉኛል። አንዳንዴ ከቆሎ በቀር የሚሰጡት አልነበራቸውም። ያዕቆብ በመልእክቱ «እሳት ሙቁ፣ ጥገቡ» ብለው በባዶ የሚያሰናብቱትን ሲወቅስ ባነበብኩ ቁጥር እኚያ እናት ትዝ ይሉኛል። እሳቸው ያሉትን እሳት በእርግጥ ሞቄዋለሁ። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለውን ተረት ማንም አስረድቶኝ አያውቅም፣ አላስፈለገኝም።

አሁን ሱቅ አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይሠራል። ተማሪዎች እስከ ዛሬ ይመጣሉ። ብሩን በተላላኪው ልጅ እጅ እልክላቸው ነበር፤ ሥራ ይበዛል እያልኩ። አንድ ቀን በመስኮት ሳይ ያ አጥር ትዝ አለኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ራሴ ነው የምወጣው። ስማቸውንና የሚማሩበትን ደብር እጠይቃለሁ። አንዱን የድጓ ተማሪ አሁን ክረምቱን ቤት አሳድረዋለሁ።

ከሜሪላንድ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለልጄ ገና አልነገርኩትም፤ ማታ ነው የምነግረው። ባሕር ዳር ያሉት ወንድማችን፣ ላስቸግርዎት? «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚባለውን በዜማው፣ ያኔ ሲሉት እንደነበረው አድርገው ድምፅዎን ቀድተው ይላኩልኝ። ከርስዎ አፍ ይስማው።