ጉዱ ካሳ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ፤ እባካችሁ መላ በሉኝ

ሰላም ወገኖች። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ምዕራፍ አራት ላይ ቆሞ ቀርቷል። የማጠናው በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የጉዱ ካሳን አሳሳል ነው። ርዕሱ አዲስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሰውየውን እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ!

አማካሪዬ ምዕራፉን ለሦስተኛ ጊዜ መለሱልኝ። አንዱን ገጽ ከላይ እስከ ታች በቀይ ሰርዘው፣ ከጎኑ «ይህንን መጽሐፉ ራሱ ነግሮናል» ብለው ጽፈውበታል። እውነታቸውን ነው። ጉዱ ካሳ ለፊታውራሪ መሸሻ ምን አለ፣ ለበዛብህ ምን ነገረው እያልኩ ታሪኩን ነው የደገምኩት። በየመሀሉ «ይህም የሥርዓቱን ብልሹነት ያሳያል» የምትል ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጌያለሁ። ስቆጥራት አሥራ አንድ ቦታ አለች። አፈርኩ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ይዣለሁ፤ ስሙን። ካሳ ዳምጤን «ጉዱ» ያሰኘው የአገሬው ዓይን ነው። ከሁሉም በላይ አስተውሎ የሚናገረው ግን እሱ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ምጸት ያለ ይመስለኛል። ታዲያ ይህን ሐሳብ ይዤ ሁለት አንቀጽ እንደጻፍኩ ብዕሬ ይደርቃል፣ ሳላውቀው ወደ ትረካው እመለሳለሁ።

ምዕራፉን በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በሐሳብ የምትከፍሉት እንዴት ነው? ከጥቅሱ በኋላስ ምን ያህል ትተነትናላችሁ? ምዕራፍ ሁለት ላይ የደረደርኩት ንድፈ ሐሳብም እዚህ ዝር አላለም። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ፣ ከእርማት በፊትና በኋላ ያለ አንድ አንቀጽ ብታሳዩኝ ይበቃኛል። የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው።