የአስፈሪና የምናባዊ ፊልሞች ሽልማት ከኦስካር በምን ይለያል?

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአስፈሪ፣ የሳይንስ ልቦለድና የምናባዊ ሥራዎችን ብቻ ያከብር የነበረው «ስክሪም» የተባለው የቴሌቪዥን ሽልማት ከኦስካር የሚለይበትን ነገር የምታውቁ ብታስረዱኝ እወዳለሁ።

መልስ፣ ከማራኪ፦ ወንድሜ፣ ዋናው ልዩነት መራጩ ነው። በኦስካር ድምፅ የሚሰጡት ሽልማቱን የሚያዘጋጀው የፊልም ባለሙያዎች አካዳሚ አባላት ሲሆኑ፣ ስፓይክ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ከ2006 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ባሰራጨው በስክሪም ግን ተመልካቹ ራሱ በኢንተርኔት ይመርጥ ነበር። በሥዕል የሚተረኩ መጻሕፍት አዘጋጆችም ከተዋንያን ጋር በአንድ መድረክ መሸለማቸውን እጅግ አደንቃለሁ፤ ብዙ ፊልሞች የተቀዱት ከእነሱ ሥራ ነውና።

መልስ፣ ከፒያሳ፦ በዚሁ ዘርፍ ቀዳሚው ሳተርን መሆኑ አይዘንጋ፤ ዶናልድ ሪድ በ1972 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት አካዳሚ የሚሰጠው ሽልማት ነው። ኦስካርም ቢሆን በሩን ጨርሶ አልዘጋም፤ «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለው ምናባዊ ፊልም ሦስተኛ ክፍል በ2004 እ.ኤ.አ. 11 ሽልማቶችን ወስዷል። አስፈሪ ፊልም ግን እስካሁን የሚገባውን ክብር አላገኘም ባይ ነኝ።

ጠያቂ፦ ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር በክረምት ምሽት የሚተረከውን የጅብና የዛር ታሪክ ወደ ፊልም ለመለወጥ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ጽሑፉን አብረን ብንጀምር ደስ ይለኛል።