ሐዋሳ ላይ የቢዝነስ ኢሜይል ሶፍትዌር ሊያሳዩን ነው፤ ምን ልጠይቅ?

ጠያቂ (ከፔንስዮን)፦
ሰላም ናችሁ? ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ሐዋሳ የቴክኖሎጂ ሰዎች ተሰባስበው የቢዝነስ ኢሜይል ሶፍትዌር ያሳያሉ፤ እኔም ተጠርቻለሁ። እስካሁን የምንጠቀመው ነጻ ጂሜይል ነው። የከፈተው ልጅ ሥራ ከለቀቀ ዓመት አልፎታል። ባለፈው ወር የማረጋገጫ ኮዱ እሱ ስልክ ላይ ገባና ሁለት ቀን ሙሉ ቡኪንግ ሳናይ ቀረን። ሄጄ ዝም ብዬ እንዳልመለስ ምን ልጠይቅ?

የኔትወርክ ሠራተኛ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ዶሜይኑ በማን ስም እንደሚመዘገብ ጠይቂ። ዶሜይን ማለት ኢሜይሉ ላይ ከ«አት» ምልክት በኋላ የሚመጣው ስም ነው። በሻጩ ስም ከሆነ፣ የተለያያችሁ ቀን አድራሻችሁም አብሮት ይሄዳል። የዚያ ልጅ ነገር ተደገመ ማለት ነው። በፔንስዮኑ ስም ከሆነ ግን ኤምኤክስ የሚባለውን፣ ኢሜይላችሁ ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚገባ የሚናገረውን መዝገብ ቀይራችሁ ወደ ሌላ አቅራቢ ትዞራላችሁ፤ አድራሻው ያው ይቆያል።

ቀጥሎ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉትን የላኪ ማረጋገጫዎች ማን እንደሚያስተካክልላችሁ ጠይቂ። ኤስፒኤፍ በስማችሁ መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲኪም የማይታይ ፊርማ ነው። ዲማርክ ደግሞ ይህን ማረጋገጫ ያላለፈ መልእክት ምን እንደሚደረግ ለተቀባዩ ይነግራል። ጂሜይል በ2024 እ.ኤ.አ. በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልኩ ሦስቱንም ግዴታ አድርጓል። እናንተ ያን ያህል ባትልኩም፣ ካልተስተካከሉ መልእክታችሁ ስፓም ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ከአዳማ፦
እኔ እዚህ ተመሳሳይ ዝግጅት ላይ ነበርኩ። ስላይዱ ያምራል። «እስቲ አሁን ለእኔ ጂሜይል ላኩልኝ» አልኳቸው። ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ ሦስቷን ነጥብ ነካሁና የመልእክቱን ዋና ቅጂ አየሁ። ኤስፒኤፍ «ፓስ» (አልፏል) ይላል፤ የዲኪም መስመር ጭራሽ የለም! ሰውዬው አልተቆጣም፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ሲያስተካክል አሳየኝ። ከስላይዱ ይልቅ የተማርኩት ከዚያ ነው። አንቺም አስልኪያቸው።

ሒሳብ ሠራተኛ፦
ዋጋው ብዙ ጊዜ በሰው በወር ነው። ስለዚህ ለሪሴፕሽንና ለቡኪንግ ለየብቻ አትክፈሉ፤ አንዱን አካውንት በሁለት አድራሻ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ክፍያውስ በብር ነው ወይስ በዶላር ካርድ? እኛን ያስቸገረን ይሄ ነው።

የኔትወርክ ሠራተኛ፦
አንድ ነገር ረስቼ። ቅዳሜን አትጠብቂ፤ የጂሜይሉን ስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ቀይሩ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ልጁ ጋ ደወልኩ፣ እሺ ብሏል። ማታ ኮዱን ይነግረኛል፤ በፔንስዮኑ ባለቤት ስልክ እንቀይረዋለን።