ጥቆማ፦ ለማብረር የሚሆን የድሮ ሞዴል ሮኬት ኪት የትኛው ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የነበረውን መልክ የያዘ ሞዴል ሮኬት ከልጆች ጋር ሠርቶ ማብረር ነው ሐሳቡ። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ ኢቤይ ላይ የሚሸጥ ያልተከፈተ የድሮ ኤስተስ (የአሜሪካ የሞዴል ሮኬት ኩባንያ) ኪት፣ ማለትም ራስህ የምትገጣጥመው፣ ኤስተስ ዛሬም የሚሸጠው ቢግ በርታ፣ ወይም የድሮ ኪቶችን አስመስሎ የሚሠራው የሴምሮክ ቅጂ። የቱን ትመክራላችሁ? ከድሮው ጋር አብሮ የሚሸጠው ሞተርስ ይሠራል?

መልስ
ወንድሜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ቢግ በርታን ያዝ። ቁመቷ 24 ኢንች ነው፤ ቱቦዋ 1.64 ኢንች ውፍረት፣ ክንፎቿም ትልልቅ ናቸው። ቀስ ብላ ስለምትነሳ የልጆች ዓይን እስከ ላይ ይከተላታል። ትንንሾቹ ሮኬቶች ግን ገና "ተነሳ!" ሳይባል ይጠፋሉ። የዛሬዋ ከጥንቷ የምትለየው በሁለት ነገር ነው፦ አፍንጫዋ ፕላስቲክ ነው፣ ክንፎቿም በሌዘር ተቆርጠው ይመጣሉ።

የባልሳ (በጣም ቀላል እንጨት) አፍንጫ ካልሆነ አይጥመኝም ካልክ ሴምሮክ ይሻልሃል። አሁን የሚሸጠው ኦሃዮ ያለው ኢሮኬትስ የሚባል ድርጅት ነው። የኤስተስን ብቻ ሳይሆን ፊኒክስ የነበረውን የሴንቹሪ ኩባንያን የድሮ ኪቶችም ቅጂ ይሠራል፤ በዚያ ላይ አፍንጫና ቱቦ በልኩ ለየብቻ ይሸጥልሃል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ የድሮ ኪት የጎደለው ነገር ቢኖር ከዚያ ይሟላል።

እውነተኛው የድሮ ኪት ለሰብሳቢ ነው። ልታበረው ካሰብክ ግን ሦስት ነገሮችን መተካትህ አይቀርም። አፍንጫውን ከቱቦው ጋር የሚያያይዘው ላስቲክ ደርቋል፤ ሲሳብ ይበጠሳል፣ አፍንጫው ለብቻው ይወድቃል፣ ቱቦው ያለ ፓራሹት ይከሰከሳል። ፓራሹቱ እጥፉ ላይ ተጣብቋል። ተለጣፊ ሥዕሉ ደግሞ ቢጫ ሆኗል፤ ውሃ ሲነካው ይፈረካከሳል። ሥዕሉን ማዳን ይቻላል፦ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማይክሮስኬል የተባለውን ድርጅት ፈሳሽ የሥዕል መሸፈኛ ፊልም ቀብተህ አድርቀው። ባልሳውና ካርቶኑ እርጥበት ካላገኛቸው ደህና ናቸው።

ሌላ መልስ
ስለ ሞተሩ፦ የድሮውን አትጠቀሙ። ውስጡ ተጠቅጥቆ የታመቀ ባሩድ ነው። ጣሪያ ሥር ወይም ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት ሲሞቅና ሲበርድ ባሩዱና የወረቀት ቀፎው እኩል አይለጠጡም፤ ባሩዱ ይሰነጠቃል ወይም ከቀፎው ይላቀቃል። ሲለኮስ እሳቱ በስንጥቁ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይገባና ሞተሩ ይፈነዳል። ችግሩ ከውጭ አይታይም። እስኪበታተን ድረስ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ መጣል ነው።

አዲስ 18 ሚሊ ሜትር ሞተር ሆቢ ሎቢም ሆቢታውንም ሱቆች ይገኛል። ኮዱ እንዲህ ይነበባል፦ ቢ6-4 ቢሆን፣ ቢ ጠቅላላ ጉልበቱ ነው (ከ2.5 እስከ 5 ኒውተን ሰከንድ፤ ሲ እስከ 10 ይደርሳል)፣ 6 አማካይ ግፊቱ በኒውተን፣ 4 ደግሞ ፓራሹቱ እስኪወጣ የሚቆይበት ሰከንድ። ቢግ በርታ ወፍራም ስለሆነች አየሩ ቶሎ ያቆማታል፤ ስለዚህ አጭር መዘግየት ያለው ቢ4-2 ወይም ቢ6-2 ይመረጣል። መዘግየቱ ከረዘመ አፍንጫዋን ወደ መሬት አዙራ እየወረደች ነው ፓራሹቱ የሚከፈተው።

ሌላ መልስ
አሠራሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሞተሩን ማቀፊያ፣ ማለትም ሞተሩን ቱቦው መሐል የሚይዘውን ባለ ቀለበት ክፍል፣ ሲያስገባ ነው። ኮላ ቀለበቱ ላይ ቀብቶ ቀስ እያለ ይገፋል። ካርቶኑ የኮላውን ውሃ ወዲያው ይመጠዋል፤ ቀለበቱ መሐል መንገድ ላይ ይነክስና ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ ይላል። መፍትሔው፦ ኮላውን በረጅም እንጨት ቱቦው ውስጥ፣ ቀለበቱ በሚያርፍበት ጥልቀት ላይ ቀቡ፤ ከዚያ ሳታቆሙ ባንድ ግፊት አስገቡት።

ክንፍ ላይ የእንጨቱ መስመር ከፊተኛው ጠርዝ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ካልሆነ መሬት ሲነካ በመስመሩ ይሰበራል። በድሮ ኪት ውስጥ በማሽን ተጨፍልቆ የተቆረጠ ክንፍ ጠርዙ ስለሚላላ በምላጭ ጨርሱትና በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት። ቱቦው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ለማስመር የበር መቃን ማዕዘን ውስጥ አስተኝቶ ጠርዙን ተከትሎ ማስመር ነው። በመስመሩ ላይ ያለውን አብረቅራቂ ሽፋን ፍቁት፤ አለበለዚያ ኮላው የሚይዘው ሽፋኑን እንጂ ካርቶኑን አይደለም። መጀመሪያ ስስ ኮላ ሁለቱም ላይ ቀብቶ ማድረቅ፣ ቀጥሎ በሁለተኛው ማጣበቅ። ክንፉና ቱቦው የሚገናኙበትን ማዕዘን ለመሙላት ታይትቦንድ ኩዊክ ኤንድ ቲክ የተባለው ኮላ ከተራው የእንጨት ኮላ ይሻላል፣ አይንጠባጠብም። የባልሳውን ቀዳዳ በውሃ በቀጠነ የእንጨት ስቱኮ ሙሉት፤ የድሮው ሽታ ያለው ማሸጊያ አያስፈልግም።

የአፍንጫውን ማያያዣ ላስቲክ እሳት በሚቋቋም የኬቭላር ክርና በልብስ ላስቲክ ተኩት። ክሩ ከሞተሩ ማቀፊያ ላይ ይታሰር፣ ጠቅላላ ርዝመቱም ከሮኬቱ ቁመት እጥፍ አይነስ። አጭር ከሆነ አፍንጫው ተስፈንጥሮ ይመለስና የቱቦውን አፍ ይቀደዋል።

ጠያቂው
በጣም አመሰግናለሁ! የት ይበረራል? ሜዳው ምን ያህል ይስፋ?

መልስ
ዘ ፕሌይንስ ያለው ግሬት ሜዶ የሰሜን ቨርጂኒያ ክለብ፣ ኖቫር፣ ያበረረበት ሜዳ ነው። ቀኑን አስቀድመህ ከክለቡ ጠይቅ። በአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር ደንብ ለቢ ሞተር 200 ጫማ፣ ለሲ 400 ጫማ ሜዳ ያስፈልጋል። እስከ ዲ ያለ ሞተር ሲለኮስ ከሮኬቱ 15 ጫማ ራቁ፤ ነፋሱ በሰዓት 20 ማይል ካለፈ አታብሩ። ፓራሹቱን ሜዳ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሰህ እጠፈው፤ ከሥሩም እሳት የማይይዘውን ወረቀት 4 ወይም 5 ቅጠል ላላ አድርገህ ክተት። ቁልፉ ተጭኖ ካልተነሳ፣ የማስወንጨፊያውን የደህንነት መክፈቻ ንቀልና 60 ሰከንድ ጠብቅ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የመለኮሻው ጫፍ ባሩዱን አለመንካቱ ነው፤ እስከ ውስጥ አስገብተህ መለኮሻውን የሚይዘውን መወተፊያ አጥብቅ።