የጅማ ከተማ ሰፈርተኞች ክርክር፦ ማስከተብ የማይችል ሰው ውሻ ይያዝ ወይስ አይያዝ?

የቆጪ ልጅ፦ ውሻውን ማስከተብና ግቢው ውስጥ መያዝ የማይችል ሰው ውሻ ለማሳደግ ገና ነው። ባለፈው ክረምት አዌቱ ወንዝ ዳር ቡችሎች በካርቶን ተጥለው አይቻለሁ። ዓይናቸው በቅጡ አልተገለጠም። ካርቶኑ በዝናብ ርሶ ተበጣጥሷል። ሁሉም ሴቶች ነበሩ! ወንዶቹን ሰው መርጦ ወስዷቸዋል፤ እነዚህን ግን "ነገ ይወልዳሉ" ብሎ የሚፈልጋቸው ጠፋ። እናታቸውን ያመጣው ሰው ይሄን አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት።

የሄርማታ ነጋዴ፦ ወንድሜ፣ ያሳዝናል። ግን ድሃ ግቢውን በምን ይጠብቅ? ዘበኛ መቅጠር አንችልም። ያለ ውሻ ቡና ውጭ አስጥቶ ማደር የማይታሰብ ነው። ውሻችን ከኛ የተረፈውን ይበላል፣ ሌሊት ይጮሃል። አባቶቻችንስ መቼ አስከትበው ያውቃሉ?

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦ ጋሼ፣ አላስከተቡም፤ በእብድ ውሻ በሽታ ሰው ሲሞትባቸውም ኖረዋል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው የሚመጣው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠበው፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ። ቡችላ በ3 ወሩ ይከተባል፣ ከዓመት በኋላ ይደገምለታል። የት ላስከትብ ለሚል ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ እኮ የእንስሳት ሐኪም የሚያስተምር ነው፤ ጠይቆ መረዳት አይከብድም።

የጅሬን እናት፦ ልጆቼ፣ ስለ መርፌው ብቻ አትከራከሩ። ልጅ ቡችላ አምጡልኝ ብሎ ያለቅሳል። ውሻ ደግሞ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ልጁ አድጎ ሲሄድ ማን ያበላዋል? ተከራይስ? አዲሱ አከራይ ውሻ አልፈልግም ቢለው ምን ሊያደርግ ነው? እኛ ሰፈር ተከራዮች ጥለውት የሄዱ ውሻ አለ። ዛሬም የለቀቁት ቤት በር ላይ ነው የሚተኛው። እኛ በሃይማኖታችን ውሻ ቤት አናስገባም፤ ውሃ ግን አልነፍገውም፣ አላህም አይወደውም።

የሄርማታ ነጋዴ፦ እቴቴ፣ ያሉት ልክ ነው። ግን "አትያዙ" ማለት ምን ይጠቅማል? ሰው ደብቆ ይይዛል፣ ያኔ ጭራሽ አይከተብም። ይልቅ ቀበሌው በየሰፈሩ እየዞረ ያስከትብልን።

የቆጪ ልጅ፦ ቀበሌው ቢያስከትብ እኔም አብሬ እጠይቃለሁ። የግቢህን በር የምትዘጋው ግን አንተ ነህ። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ውሻህ ግቢ ነው ወይስ መንገድ ላይ? ሴት ከሆነች የምትወልዳቸውን ማን ይወስዳል፣ ወይስ አስቀድመህ ታስመክናታለህ? ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ቡችላውን ዛሬ አይውሰድ። አጥሩን ይጠግን፣ ለክትባቱ ያስቀምጥ፣ ከዚያ ይምጣ።