ማሽን ቅኔ ይቆጥራል?

ጥያቄ አቅራቢው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግጥም ይጽፋል፣ ሥዕል ይሥላል፣ ዜማ ያወጣል። ግን የእውነት ፈጠራ ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። የሰው ልጅ የደከመበትን ሰብስቦ መልሶ ማቀናበር ፈጠራ አይባልም። እስቲ ሞግቱኝ።

ፕሮግራመሯ፦ እኔ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሴኡል ላይ አልፋጎ የተባለ ፕሮግራም ከደቡብ ኮሪያው ሊ ሴዶል ጋር ጎ ተጫወተ። በጥቁርና በነጭ ጠጠር የሚጫወቱት የጥንት ጨዋታ ነው። በሁለተኛው ዙር አልፋጎ 37ኛዋን ጠጠር ሲያሳርፍ ተንታኞቹ ስህተት መሰላቸው። ሰው እዚያ ቦታ የመጫወት ዕድሉ ከ10,000 አንድ ነው ብሎ ፕሮግራሙ ራሱ ገምቶ ነበር። ዙሩን ግን አሸነፈ። ታዲያ ያቺን ከማን ቀዳት?

ጥያቄ አቅራቢው፦ ጎ ላይ ማን እንዳሸነፈ ተቆጥሮ ይታወቃል። ግጥም ላይ ግን ምን ይቆጠራል? ደግሞም ሊ ሴዶል በአራተኛው ዙር ረትቶታል እኮ።

ፕሮግራመሯ፦ አዎ፣ ግን በጠቅላላው 4 ለ 1 ተሸንፏል። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጣው አልፋጎ ዜሮ ደግሞ የሰው ጨዋታ አንድም አላየም። ሕጉን ብቻ ይዞ፣ ከራሱ ጋር እየተጫወተ ተማረ። ሊ ሴዶልን የረታውንም 100 ለ 0 አሸነፈው። «ከሰው ሰብስቦ» የምትለው እዚህ ጋ አይሠራም።

ዲዛይነሩ፦ ለእናንተ ክርክር ነው፣ ለኔ እንጀራ ነው። ባለፈው አንድ ደንበኛ ማሽን የሠራውን ፖስተር አምጥቶ «ይህችን ብቻ ነካ ነካ አድርጋት» አለኝ። የፊደሎቹን ቅርጽ ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ ሣልኩት። የከፈለኝ ግን የማስተካከያ ነው። ፈጣሪው ማን እንደሆነ ስትወስኑ ይህንንም አስቡልኝ።

የቅኔ ተማሪ የነበረው፦ ወንድሜ፣ የምትለው ይገባኛል። እኔ ከልጅነቴ ልጀምር። ቅኔ ቤት ስንገባ መነሻችን ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ያላት ጉባኤ ቃና የምትባል የቅኔ ዓይነት ነበረች። ቀኑን ሙሉ ለብቻችን ተቀምጠን ቅኔ እንቆጥራለን፣ ማለትም በልባችን እናዘጋጃለን። ከዚያ ለየኔታ እንነግራለን። እሳቸው ያቀናሉ፣ ያፈርሳሉ። ትናንት የተነገረን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። የሌላ ሰው ከሆነማ አይነሳ። እያደግን ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ስንደርስም ሕጉ ያው ነው፤ አዲስ መሆን አለበት።

እህቴ ያነሳችው አልፋጎ አዲስ ነገር አምጥቷል፣ ይህን አልክድም። ቅኔ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። የአማርኛው ሰምና ወርቅ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ከጽሑፍ ብቻ የተማረ ማሽን ይህን በጆሮው አልሰማውም።

ፕሮግራመሯ፦ ይህ የሚገርም ነጥብ ነው፣ አላሰብኩትም ነበር። ግን ድምፅ እየሰማ የሚማርም አለ። ነገ መጥበቅ መላላቱን ቢለይስ?

የቅኔ ተማሪ የነበረው፦ ይለይ ይሆናል፣ እሱን አልከራከርም። ግን የኔታ ቅኔውን ከሰሙ በኋላ «ምሥጢሩን ፍታው» ይሉኝ ነበር። ሰሙን ፈትቼ ወርቁ ላይ ስደርስ የሚወጣው የኔው ጉዳይ ነው። እናቴ ታማ ሳለሁ የቆጠርኳትን ስፈታ ድምፄ ተቆረጠ። የኔታ ዝም አሉ፣ አላረሟትም። ማሽኑ ፍታ ቢሉት ይፈታል፣ ያውም አሳምሮ። ግን የማንን ነው የሚፈታው?

ጥያቄ አቅራቢው፦ እኔ «አዲስ ነገር አያመጣም» ብዬ ነበር የገባሁት። እሱን ትቼዋለሁ፣ በ37ኛዋ ጠጠር ተረትቻለሁ። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው፤ የሚነገር ጉዳይ አለው ወይ?

ፕሮግራመሯ፦ እዚያ ላይ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። አድማጩ ወርቁን ራሱ ቢያገኘው ግን አይበቃም?

የቅኔ ተማሪ የነበረው፦ ለአድማጩ ይበቃው ይሆናል። ለኔ ያቺ የእናቴ ቅኔ ከሌላ አፍ ብትመጣ አትበቃኝም ነበር።